ሪቾቹን በማውስ አትጎትቻቸው፦ ስለ ቦርከና ሞዴል

እህቴ አብሽሪ፣ ነገሩ የሚመስለውን ያህል አልከፋም።

ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ ይኸው። እህታችን የቦርከናን ወንዝ የላይኛውን ክፍል፣ ከኩታበር በኩል ጀምሮ ደሴን አልፎ እስከ ኮምቦልቻ፣ በሄክ-ኤችኤምኤስ (ዝናብ ወደ ወንዝ ፍሰትና ጎርፍ እንዴት እንደሚቀየር በሚያሰላ ፕሮግራም) የተሠራ ሞዴል ከሌላ ሰው ተረክባለች። ከጀርባው የሳተላይት ምስልና የወንዝ ሼፕፋይል (የካርታ መስመር ፋይል) ስታስገባ ሪቾቹ፣ ማለትም በሞዴሉ ውስጥ የወንዙን ቁራጮች የሚወክሉት መስመሮች፣ ወንዙ ላይ አልተቀመጡም። ሁሉም ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሸሽተዋል። በዚያ ላይ ወንዙ በሚጠማዘዝበት ቦታ እነሱ ቀጥ ብለው ያልፋሉ። «አንድ በአንድ እየጎተትኩ ላስተካክል ወይ? እስካሁን ያወጣሁት ውጤትስ ተበላሽቷል ማለት ነው?» ነው ጥያቄዋ።

አትጎትቺ። ቢያንስ አሁን አትጎትቺ።

መጀመሪያ እዚህ ያሉት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ሁሉም ነገር ወደ አንድ ወገን መሸሹ አንድ ነው። የመስመሮቹ ቀጥ ማለት ሌላ ነው። መድኃኒታቸውም አይገናኝም።

ከመሸሹ እንጀምር። ሰው በእጁ ሲያስቀምጥ ቢሳሳት አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ነው የሚያደርገው። ሁሉም ተያይዘው በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ያህል ርቀት ከሄዱ ግን ጉዳዩ የኮኦርዲኔት (የቦታ አድራሻ ቁጥሮች) ነው። እኛ አገር ደግሞ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይታወቃል፤ አዲንዳን።

የድሮዎቹ የ1:50,000 ቶፖ ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም (ኮኦርዲኔት የሚለካበት የድሮ መነሻ) ነው። ከነሱ ላይ የተቀዳ ወንዝ፣ ከነሱ ጋር እንዲገጥም ተብሎ የተለካ ነጥብ፣ ብዙ የከተማ ፕላንና የመንገድ ሥዕል እንደዚያው በአዲንዳን ይመጣል። የስልክሽ ጂፒኤስና የሳተላይቱ ምስል ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ዳተም ነው። ሁለቱም «ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን» (ቦታን በሜትር የሚገልጽ የካርታ ፍርግርግ) ይባላሉ። ቁጥራቸውም ይመሳሰላል፤ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ምሥራቁ ከ570 እስከ 580 ሺህ ግድም፣ ሰሜኑ 1 ሚሊዮን 230 ሺህ ግድም ነው። ሰውን የሚሸውደው ይሄ መመሳሰል ነው። እኛ አካባቢ መሬት ላይ ላለ ለአንድ ነጥብ፣ የደብሊውጂኤስ ንባብ ከአዲንዳኑ በምሥራቅ ወደ 95 ሜትር፣ በሰሜን ደግሞ ከ200 ሜትር ትንሽ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ የአዲንዳን ቁጥር «ደብሊውጂኤስ ነኝ» ብሎ ከገባ ነጥቡ ወደ ደቡብና ትንሽ ወደ ምዕራብ ይወድቃል። አንቺ የነገርሽን አቅጣጫም ርቀትም ይሄው ነው።

ግን በኔ ግምት ብቻ እንዳትሄጂ፣ አረጋግጪ። የማይንቀሳቀስ ነገር ፈልጊ። ወንዙን ራሱን መመዘኛ አታድርጊው፤ በተለይ ከኮምቦልቻ በታች ሜዳው ላይ ቦርከና ክረምት ሲመጣ አልጋውን ይቀያይራል። ለቤዝማፑ (ከጀርባ ላለው ምስል) የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ጥሩ ነው፤ የማኮብኮቢያው ሁለት ጫፎች ከላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ለሞዴሉ ደግሞ ከአንቺ በፊት የሠራው ሰው ድልድይ ላይ ያስቀመጠውን ጃንክሽን (ሪቾች የሚገናኙበትን ነጥብ) ያዢ። ጂፒኤስ ያለበት ስልክ ይዘሽ ድልድዩ ላይ ቁሚና አንብቢ፣ ከጃንክሽኑ ቁጥር ጋርም አስተያዪው። የስልክ ንባብ ጥቂት ሜትር ቢዋልል ግድ የለም፤ የምትፈልጊው ልዩነት መቶና ሁለት መቶ ሜትር ነው። ይህንኑ ደሴ ላይ አንድ ቦታ፣ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ቦታ አድርጊው። ልዩነቱ ላይም ታችም እኩል ከሆነ ዳተም ነው። ላይ ትንሽ ሆኖ ወደ ታች እያደገ ከሄደ ግን አዲንዳንን ተይው፤ ያኔ ስካን የተደረገ ካርታ በአንድ በኩል ብቻ ተይዞ ሲገጠም ተወጥሯል ማለት ነው። መስመሮቹ ጭራሽ ከካርታው ጠፍተው ሩቅ አገር ከሄዱ ደግሞ ወይ አንዱ በዲግሪ ሌላው በሜትር ነው፣ ወይ ሰውዬው 37 ሰሜን ማለት ሲገባው 37 ደቡብ መርጧል። ይሄ የመጨረሻው በጣም የተለመደ ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ናቸውና።

አሁን ማስተካከሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሲንሸራተት አያለሁ። በኪውጂአይኤስ (የካርታ ፕሮግራም) ውስጥ ለአንድ ሌየር (የካርታ ንብርብር) የኮኦርዲኔት ስም መስጠትና ሌየሩን ወደ ሌላ ኮኦርዲኔት መቀየር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የአዲንዳን ፋይል ላይ «ደብሊውጂኤስ» የሚል ስም መለጠፍ የበርበሬ ከረጢት ላይ ሽሮ ብሎ እንደመጻፍ ነው፤ ውስጡ ያው በርበሬ ነው። መጀመሪያ ትክክለኛ ስሙን ስጪው፤ አዲንዳን ዩቲኤም 37 ሰሜን፣ ኮዱ ኢፒኤስጂ 20137። ከዚያ ኤክስፖርት አድርገሽ ወደ ደብሊውጂኤስ 84 ዩቲኤም 37 ሰሜን ቀይሪው፤ ኮዱ 32637። ፕሮግራሙ የትኛውን የማሸጋገሪያ ቀመር ልጠቀም ብሎ ከጠየቀሽ ኢትዮጵያ የሚለውን ምረጪ፣ ዝም ብለሽ እሺ አትበይው። ከአውቶካድ የመጣ ዲኤክስኤፍ ከሆነ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ የኮኦርዲኔት ስም ስለሌለ ሥዕሉን የሠራውን ሰው ጠይቂ።

ሞዴሉ ውስጥ ያሉት ምልክቶች ግን ሼፕፋይል አይደሉም፣ እንዴት ይንቀሳቀሱ ትይኛለሽ። በእጅ የተቀመጡ ንጥሎች አድራሻቸው የሚቀመጠው ቤዚን ፋይሉ (የሞዴሉ የተፋሰስ ፋይል) ውስጥ ነው፤ በኖትፓድ ይከፈታል። ለእያንዳንዱ ንጥል «ካንቫስ ኤክስ» እና «ካንቫስ ዋይ» የሚሉ መስመሮች አሉ፤ ለሪች ደግሞ የመነሻው ጫፍ ለብቻው ተጽፏል። የፕሮጀክቱን ፎልደር በሙሉ ኮፒ አድርጊ፣ ሄክን ዝጊ፣ ቁጥሮቹን ወደ ኤክሴል ወስደሽ በለካሽው ልዩነት ልክ ደምሪ፣ መልሺ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ልዩነቱ ይሄን ያህል ስለማይለወጥ አንድ ቁጥር ለሁሉም ይበቃል። ከመቶ ንጥል በላይ ያለው ሞዴል ቢሆን እንኳ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በማውስ ብትጎትቺ ግን ሁለት ቀን ይፈጅብሻል፣ አንዱን ጃንክሽን ስትይዢ ሌላው ይላቀቅብሻል፣ ከዚያ ግንኙነቱን ፍለጋ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ፣ ውጤቱ ተበላሽቷል ወይ ወዳልሽው። መሸሹ ብቻውን ከሆነ አልተበላሸም። ኤችኤምኤስ ላይ ከጀርባ ያለው ካርታ ለዓይን ነው። በእጅ የተሳለ ሪች የትም ቦታ ቢቀመጥ ስሌቱ የሚያየው ከማን ወደ ማን እንደሚፈስና አንቺ የጻፍሽለትን ቁጥር ነው። ራውቲንጉ (ጎርፉ በሪቹ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ የሚሰላበት ዘዴ) ማስኪንገም-ከንጅ ከሆነ ርዝመት፣ ተዳፋት፣ የማኒንግን ቁጥር (የአልጋውን ሻካራነት) እና የአልጋውን ቅርጽ ያያል። ተራ ማስኪንገም ከሆነ ኬ እና ኤክስ የሚባሉትን ሁለት ቁጥሮች ያያል። ሥዕሉን ደሴ ፒያሳ ላይ ብታስቀምጪውም ሃይድሮግራፉ (ፍሰቱ በጊዜ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳየው ግራፍ) ያው ነው።

አደጋው ያለው ቀጥ ባለው መስመር ላይ ነው። ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው ርዝመቱን ከየት አመጣው? ከተጠማዘዘው ወንዝ ከለካ ደህና። በማስመሪያ ከጃንክሽን እስከ ጃንክሽን ከለካ ግን ወንዙ አጥሯል፣ ተዳፋቱም ከልክ በላይ ቆሟል፣ ጎርፉ ኮምቦልቻ ቀድሞ ይደርሳል። ይሄን ዛሬውኑ እዪው፤ ከመሸሹ ይልቅ ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳ።

ያለሽ ባለ 4 ቁጥሩ አዲስ ቨርዥን ከሆነ መስመሮቹንም በዚያው ማስተካከል ይቻላል። ለእያንዳንዱ ሪች አንድ ያልተቆራረጠ መስመር ኪውጂአይኤስ ላይ አዘጋጂ፤ ከላይ ወደ ታች የተሳለ ይሁን፣ ስሙም ሞዴሉ ውስጥ ካለው ስም ጋር በፊደል አንድ ይሁን። ከዚያ ሄክ ውስጥ መጀመሪያ የቤዚኑን ኮኦርዲኔት ስጪው፣ ቀጥሎ ጂአይኤስ የሚለው ሜኑ ውስጥ «ጂኦሬፈረንስ ኤግዚስቲንግ ኤለመንትስ» የሚለውን ክፈቺ። ሪቾቹ የወንዙን ቅርጽ ይይዛሉ። ቴሬን (የመሬቱ ከፍታ መረጃ) ካለሽ የሪቹን ርዝመትና ተዳፋት በሠንጠረዥ ያወጣልሻል። ልብ በይ፣ ይሄ ሠንጠረዥ ራሱ ወደ ራውቲንጉ አይገባም። ቁጥሩን ወስደሽ የምትጽፊው አንቺ ነሽ።

እግረ መንገድሽን የሪቾቹን መቁረጫም እዪ። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ግድም። ይህ ቁልቁለት ግን እኩል አልተከፋፈለም፤ ብዙው ዶሮ መዝለያ የሚባለው ገደል ላይ ነው የሚያልቀው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ አንድ ሪች ብቻ ካለ አማካይ ተዳፋቱ ገደሉንም ሜዳውንም አይመስልም። ገደሉ ከሚጀምርበትና ከሚያበቃበት ላይ ቁረጪው። ገደሉ ውስጥ ጎርፉ አይተኛም፣ እንደገባ ይወጣል፤ ርዝመትና ማኒንግ ላይ መጨነቅ ያለብሽ ከታች ሜዳው ላይ ነው።

መስመሩን ከዴም (ከዲጂታል የከፍታ ካርታ) ለማውጣት ካሰብሽም ሜዳው ያስቸግርሻል። ባለ 30 ሜትር ዴም ሜዳ ላይ ሲደርስ ወንዙ የት እንደሆነ አያውቅም፣ ቀጥ ቀጥ ያሉ ትይዩ መስመሮች ይስልልሻል። የምታምኚውን የወንዝ መስመር አስገብተሽ ቴሬኑን እዚያ ላይ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ኤችኤምኤስ ውስጥም «ቴሬን ሪኮንዲሽኒንግ» ተብሎ አለ። መስመሩ ግን አስቀድሞ ከአዲንዳን የተቀየረ ይሁን። አለዚያ ከወንዙ ጎን ሌላ ቦይ ቆፈርሽ ማለት ነው። ባለ 12.5 ሜትሩን የአሎስ ዴም ባወርድ ይሻላል የሚል ካለ ደግሞ፣ እኛ አገር እሱ ያው ባለ 30 ሜትሩ የኤስአርቲኤም ዴም ተከፋፍሎ የቀረበ ነውና ብዙ አትጠብቁ።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላም ገደሉ አካባቢ መስመሩና ምስሉ ሃያ ሠላሳ ሜትር ሊለያዩ ይችላሉ። እሱን ተይው። ቁልቁለት ላይ የሳተላይት ምስል ራሱ ያጋድላል፣ 1:50,000 ካርታ ላይ ደግሞ አንድ ሚሊሜትር መሬት ላይ 50 ሜትር ነው። ለኤችኤምኤስ ይበቃል። በኋላ ወደ ሄክ-ራስ (በወንዙ ውስጥ የውሃውን ከፍታ ወደሚያሰላው ፕሮግራም) የምትሄጂ ከሆነ ግን እንዲህ ማለት አይቻልም፤ እዚያ ክሮስ ሴክሽኑ (ወንዙን አግድም የሚቆርጠው መስመር) ከፍታውን የሚያነበው ከተቀመጠበት ቦታ ስለሆነ መስመሩ መቶ ሜትር ከሸሸ ወንዝሽ ኮረብታ ላይ ይወጣል።

የድልድዩን ሁለቱን ንባቦች (የስልኩንና የሞዴሉን) እና የሼፕፋይሉን ፒአርጄ (የኮኦርዲኔት ስሙ የተጻፈበትን ፋይል) በኖትፓድ ከፍተሽ ውስጡ ያለውን ጽሑፍ እዚህ ለጥፊው፣ ማታ ገብቼ አየዋለሁ። ፒአርጄ ፋይሉ ጭራሽ ከሌለም ንገሪን።