መልስ፦ ሹፌሩን የሚያቅፍ ዳሽቦርድ ወይስ ክፍት?

ወንድሜ፣ የስፖርት መኪና ዳሽቦርድ ሹፌሩን ከበብ ቢያደርግ ይሻላል ወይስ ሰፋ ብሎ ቢከፈት ብለሃል። እኔ የሚከበውን እወዳለሁ። ለአዲስ አበባ መንገድ ግን አልመክርህም።

በፈረንጆች 1993 የወጣውን ቶዮታ ሱፕራ ተመልከት። ዳሽቦርዱ ወደ ሹፌሩ ዞሯል፤ ሁሉም ነገር እጅህ ሥር ነው። ኮርቬት ሲ8 የሚባለው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ደግሞ ባሰበት። እስከ 2025 ሞዴሉ ድረስ በሹፌሩና በተሳፋሪው መሃል ረጅም የቁልፎች ረድፍ እንደ አጥር ቆሞ ነበር። እሱን ስትነዳ ባለቤትህን አጥር ማዶ ያስቀመጥካት ይመስልሃል። (ደስ የሚለው አይጠፋም!)

በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል ከፍ ብሎ የሚሠራው ክፍል (ኮንሶል) ለጌጥ ብቻ አይደለም። መታጠፊያ ላይ በፍጥነት ስትገባ ጉልበትህን ታስደግፍበታለህ። ከፒያሳ በቸርችል ቁልቁል በመኪና ሰልፍ ስትንፏቀቅ ግን ምን ታጠፈና? ጉልበትህን ሲወጋህ ይውላል። በዚያ ላይ የመስኮቱ ጠርዝ ከፍ ካለ፣ ከጎን ሾልኮ የሚገባ ሚኒባስ የሚታይህ ከደረሰ በኋላ ነው።

ለከተማ እንደ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ዳሽቦርዱ ዝቅና ቀለል ያለ ይሻልሃል። እሱም ጠባብ ነው፣ ግን አያፍንም። ከመግዛትህ በፊት ወንበሩን ለራስህ አስተካክለህ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥበት። ቀኝ ጉልበትህ ይነግርሃል።