የወረዳው ልጆች ስለሆንን ጨረታው ለእኛ አይገባም ወይ?

ጥያቄ፦ ከምሥራቅ ጎጃም ነው የምንጽፍልዎ። በእንጨትና ብረታ ብረት ሥራ የተደራጀን ወጣቶች ነን። ወረዳችን የትምህርት ቤት ኮምባይንድ ዴስክ (ጠረጴዛና መቀመጫው የተያያዘ) ለማሠራት ጨረታ አወጣ። እኛም ገባን። ካደራጀን ጽሕፈት ቤት ያመጣነውን የዋስትና ደብዳቤ “ሲፒኦ (የባንክ የክፍያ ማዘዣ) ካልሆነ አይሆንም” ብለው ከውድድሩ ጣሉን። ያሸነፈው ከሌላ ከተማ ገዝቶ የሚያቀርብ ነጋዴ ነው። የአካባቢው ልጆች ሆነን ቅድሚያ አይገባንም?

መልስ፦ መጀመሪያ “የአካባቢው ልጆች” የምትለዋን ከአቤቱታችሁ አውጧት። የግዥ ሕግ ተጫራችን በትውልድ ቦታው አይለይም። ነገ ደብረ ማርቆስ ላይ ስትጫረቱ “እናንተ ከወረዳ የመጣችሁ ናችሁ” ቢሏችሁ እኮ የምትጮኹት እናንተው ናችሁ።

የእናንተ ጉልበት ሌላ ቦታ ነው። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጃችሁ ናችሁ፤ ዴስኩንም ራሳችሁ ብየዳ ላይ ቆማችሁ ትሠሩታላችሁ። ወረዳው የሚሠራበት የክልሉ የግዥ አዋጅና መመሪያ ነው። የፌዴራሉን ለማነጻጸሪያ ላንሳው። በአዋጅ 649/2001 ሥር በወጣው መመሪያ (አዋጁ ዛሬ በ1333/2016 ተተክቷል) ጥቃቅንና አነስተኛ ከአገር ውስጥ ተጫራች ጋር ሲወዳደር የ3 በመቶ የዋጋ አስተያየት ያገኝ ነበር። ነጋዴው 970,000 ብር፣ እናንተ 990,000 ብር ብትሞሉ፣ የእናንተ ለማወዳደሪያ ብቻ 960,300 ተብሎ ይያዛል። ታሸንፋላችሁ፤ የሚከፈላችሁ ግን ያው 990,000 ነው። በሲፒኦ ፈንታ ያደራጀው አካል የሚጽፈው የዋስትና ደብዳቤም እዚያው መመሪያ ላይ የተፈቀደ ነበር። ስለዚህ ከጨረታው የወደቃችሁበት ምክንያት ከሁሉም በላይ የሚያከራክር ይመስለኛል።

አሁን የጨረታ ሰነዱን አውጡና የጨረታ ማስከበሪያውን፣ ማለትም የዋስትናውን፣ አንቀጽ አንብቡ። ደብዳቤ ይቀበላል ካለ፣ ነገሩ አለቀ፤ ሰነዱን የጣሱት እነሱ ናቸው። ዝም ካለ የክልሉን መመሪያ ጥቀሱ። “ሲፒኦ ብቻ” ካለ ግን ከባድ ነው፤ ያን ጊዜ የጨረታ ሳጥኑ ሳይዘጋ በጽሑፍ መጠየቅ ነበረባችሁ።

አትዘግዩ። በ649/2001 አቤቱታ የሚቀርበው በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ነበር፤ የእናንተንም ክልል መመሪያ ቀን ዛሬውኑ አረጋግጡ። ውል ከተፈረመ በኋላ ነገሩ ይጠጥራል። አቤቱታው በቀጥታ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ይጻፍ፤ የጨረታ ኮሚቴው ጋ እየተመላለሳችሁ “ነገ ኑ” አትባሉ። የወደቃችሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ጠይቁ። የእናንተን ግልባጭ ላይም መዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን ያሳርፍበት።