ከሙቀቱ በፊት ያለችው ሰዓት፦ ቤት ማስተማር ለጀመረችው የድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር እናት

እህቴ፣ በድሬ ደንብ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። ሌሎችም እንዲከታተሉ ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። የ9 ዓመት ወንድና የ6 ዓመት ሴት ልጅሽን ቤት ማስተማር ከጀመርሽ ሁለት ሳምንትሽ ነው። የ8 ወር ሕፃን አለሽ፣ ደጃፍሽ ላይ ደግሞ ሱቅ። የትምህርት ቤቱን ፕሮግራም ገልብጠሽ ከ2፡30 እስከ 6፡30 በየ40 ደቂቃው ከፋፍለሻል። 5 ሰዓት ሳይሞላ ትልቁ ይነጫነጫል፣ ትንሿ ታለቅሳለች፣ ደንበኛው ውጭ ቆሞ «ሰው የለም እንዴ?» ይላል። «ፕሮግራሙን እንዴት ላስከብረው?» ነው ያልሽው።

አታስከብሪው፤ ጣይው። 40 ደቂቃ የተቆረጠው 50 ልጅ ለሚቀመጥበት ክፍል ነው። ስም ይጠራል፣ «ዝም በሉ» ይባላል፣ ከሰሌዳ ይገለበጣል፣ ደብተር ይታረማል። አንድ ልጅ ፊት ለፊትሽ ሲቀመጥ ያው ትምህርት 15 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ለትንሿ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሦስት ጊዜ፣ ለትልቁ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይበቃል። አንዱ ብቻውን ሲሠራ ሌላውን ስለምትይዢ የሁለቱ ተደምሮ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው።

ሁለቱ ሰዓት የት ይግባ የሚለው ነው ዋናው ነገር። ድሬ ላይ የልጅ ጭንቅላት የሚሠራው ከሙቀቱ በፊት ነው። አንቺ የጀመርሽው ጥሩው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ነው። የዳቦና የስኳር ደንበኛ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ይቀንስልሻል። ያኔ አንድ ዙር፣ 2፡15 ላይ ቁርስ፣ ከዚያ ሁለተኛው ዙር፤ 3፡45 ላይ ደብተር ይዘጋ። ከቀትር በኋላ ከተማው ራሱ ጋደም ይላል፤ ሳሎኑ የጫት በርጫ የሚያዝበት ቤት ከሆነ ደግሞ የትኛውም ፕሮግራም አያድንሽም። ቁርአን ቤት ወይም ቄስ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ከሆነም በዚያው ቀን ከሰዓት ሌላ ንባብ አትጨምሪባቸው። 11 ሰዓት ላይ፣ ግቢው ሲቀዘቅዝ፣ አንቺ ጮክ ብለሽ 10 ደቂቃ ታነቢላቸዋለሽ፣ እነሱ ያዳምጣሉ። ሕፃኑ ቀን የሚተኛባትን ሰዓት ደግሞ ለቤት ሥራ አታውያት፤ ትንሿን ለማስነበብ ያለሽ ጸጥታ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፊደል። «ሀ ሁ ሂን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች፣ ነጠል አድርጌ ስጠይቃት ግን አታውቀውም» ብለሻል። ችግሩ ከልጅቷ አይደለም፤ ዜማውን ነው የያዘችው፣ ቅርጹን አላየችውም። ይኼን የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ከጥንት ያውቁታል፤ ሀሁን የጨረሰ ልጅ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ወደሚለው የሚዞረው ለዚሁ ነው። በአቡጊዳ እያንዳንዱ ፊደል ከሌላ ቤት (ከበ እስከ ቦ ያሉት ሰባቱ አንድ ቤት ናቸው)፣ በሌላ ድምፅ ስለሚመጣ በሀሁ ዜማ መውረድ አይቻልም፤ ዓይን ይሠራል።

ለቤት እንዲህ አድርጊው። 33ቱን ቤቶች በ7 ስታባዢ 231 ይመጣል፤ በአንድ ጊዜ ግድግዳ ላይ አትለጥፊው። በአራት ቤት ጀምሪ፦ በ፣ ለ፣ ሰ፣ መ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሁለት እግር ስላላቸው ሥርዓቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ካዕቡ (ቡ) ወገቡ ላይ፣ ሣልሱ (ቢ) እግሩ ላይ ይቀጠላል፣ ራብዑ (ባ) አንድ እግሩ ይረዝማል፣ ኃምሱ (ቤ) ቀለበት ያስራል። ሳድሱ (ብ) ደንብ የለውም፣ እያንዳንዱን በመልኩ ማወቅ ነው፤ ብዙ ልጅ የሚንገዳገደውም እዚያ ላይ ነው። ረ እና ፈ ከሥርዓቱ ስለሚወጡ (ሩን እና ፉን እያቸው) ወደ መጨረሻ ይቆዩ። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ የሚለያዩት በቆብ ብቻ ነውና በአንድ ሳምንት አይግቡ። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ንባብ ውስጥ ሲመጡ «ይኼም ያው ነው» ብሎ ማሳየት ለጊዜው ይበቃል።

28ቱን ፊደል በፓስታ ካርቶን ቁራጭ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፊ። ቬንትሌተር ሥር ወረቀት ከሆነ ትምህርቱ ካርድ መልቀም ይሆናል፤ በቆርኪ ጀርባ ላይ በማርከር ብትጽፊው ደግሞ ጭራሽ አይበርም። የመጀመሪያው ቀን ሰባቱን በተራ፣ ሁለተኛው ቀን ተበውዞ፣ ሦስተኛው ቀን ካለፉት ቤቶች ጋር ተቀላቅሎ። አራቱ ቤት እንደተያዘ ወዲያው ቃል አሠሪያት፦ ሎሚ፣ ቢላ፣ ሙሉ፣ ሰላም፣ ልብስ፣ ምላስ፣ መሰላል። ሁሉም ከእነዚያው 28 ፊደሎች የሚወጡ ናቸው። «ልብስ» ላይ ትቆማለች፤ ሦስቱም ሳድስ ስለሆኑ ል፣ ብ፣ ስ እያለች ትበጣጥሰዋለች። ያኔ አታርሚያት። ራስሽ ቃሉን በቀስታ ስበሽ በይው፣ ጣትሽን ሳታነሺ ከሥሩ አስኪጂ፣ ከዚያ እሷ ትድገመው። በሳምንት ሁለት ቤት ከሄድሽ አራት ወር ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያ ያጠረ አትፈልጊ።

ሎህ (የቁርአን ቤት የእንጨት ሰሌዳ) ያለበት ቤት ከሆነ ከሎህም አንድ ነገር መውሰድ ይቻላል፦ ያለፈው ሳይያዝ አይታጠብም። ዓርብ ዓርብ አሥር ቃል አስነብቢያት። ከሰባት በታች ካነበበች በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ቤት አይገባም።

ትልቁ ያነባል ብለሻል፤ ጥሩ፣ ግን ማጥበቅና ማላላቱን ስሚው። ፊደላችን ይኼን አይጽፍም፤ «ገና» ጠብቆ በዓሉ ነው፣ ላልቶ «ገና አልመጣም» ነው፤ «ዋና»ም እንደዚያው። ሁሉንም አላልቶ የሚያነብ ልጅ ፊደል እየጠራ እንጂ ነገሩን እየተረዳ አይደለም። አንድ አንቀጽ አስነብበሽ መጽሐፉን ክደኚና «ምን ይላል?» በይው። ጽሕፈት አራት መስመር ይበቃዋል፤ ገጽ ሙሉ ካዘዝሽው ከአምስተኛው መስመር በኋላ የሚጽፈው በእጁ ብቻ ነው።

ሒሳቡን በተመለከተ ሱቁ እንቅፋት የሆነብሽ መስሎሻል፤ የሒሳብ ክፍልሽ እኮ እሱ ነው። ከ52 ላይ 27 ቀንስ ስትዪው 35 ብሎ ጽፏል ብለሻል። እንዴት እንዳመጣው ልብ በይ፦ ከ7 ላይ 2 ቀንሶ 5፣ ከ5 ላይ 2 ቀንሶ 3። ከትልቁ ትንሹን መቀነስ ብቻ ነው የያዘው። «ከጎረቤት ተበደር» ሲባል ቢሰማም ምን እንደተበደረ አላየም።

አምስት ድፍን አስርና ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም እጁ ላይ አድርጊ፤ ከመሳቢያው ደግሞ አሥር ባለ አንድ ብር ሳንቲም ለይተሽ ያዢ። «27 ስጠኝ» በይው። ሁለት አስር ያወጣል፣ ከዚያ 7 ይፈልጋል፣ ያለው 2 ነው። ዝም በይ። ይኼ ዝምታ ይከብዳል፣ ግን እዚህ ላይ «አስሩን ዘርዝር» ካልሽው ትምህርቱን ራስሽ በላሽው። ሱቅ ያደገ ልጅ ነውና ብዙ ሳይቆይ «ዘርዝሪልኝ» ይልሻል። አንድ አስር ተቀብለሽ የለየሻቸውን አሥሩን ሳንቲሞች ስጪው፤ 12 ሆነለት፣ ሰባት ሰጠሽ፣ አምስት ቀረው፣ ከአስሩም ሁለት። ሃያ አምስት። አሁን ያንኑ ደብተር ላይ ይጻፈው፤ የሰረዛት 5 ለምን 4 እንደሆነች በእጁ ያውቀዋል። ሦስት አራት ቀን በገንዘቡ ሳያደርግ ወደ ደብተር ብቻ አትመልሺው። ቀጥሎ ከ100 ላይ 63 ይሞከር፤ 163 ብሎ ከጻፈ ድፍን መቶውን ወደ አሥር አስር፣ አንዱን አስር ወደ ሳንቲም፣ ሁለቴ ማስዘርዘር ነው። ብቻ ይኼ የሚደረገው ደንበኛ በሌለበት ነው፤ ሰው ፊት ቆሞ እየጠበቀ የተሳሳተ ልጅ ሒሳብን ሳይሆን ሱቁን ይጠላል።

ልኬትም እንደዚሁ ከቤት ይወጣል። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ስንቴ ይሞላል? በግማሽ ሊትሩስ? ቀድሞ ይገምት፣ ውኃ በመጣ ቀን ይሙላው። ለሳይንስ ደግሞ «ሐረር ለምን ትቀዘቅዛለች?» በይው። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1900 ገደማ፤ ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር አየሩ 6 ዲግሪ አካባቢ ይቀንሳል። ስንት ዲግሪ እንደሚወጣ ያስላ፤ ወደ ሐረር በደንገጎ ዳገት ሽቅብ ስትወጡ ጆሮው ለምን እንደሚደፈንም በዚያው ትነግሪዋለሽ።

ሁለቱን በአንድ ርዕስ ባንድ ላይ ለማስተማር አትሞክሪ፣ ትልቁ ለትንሿ እየመለሰ ያደነዝዛታል። እሷ ስታነብ እሱ ይጽፋል፣ እሱ ሒሳብ ሲያስረዳሽ እሷ ቆርኪ በአሥር በአሥር ትደረድራለች። ቀኑ ሲበላሽ፣ ሕፃኑ ሲያተኩሰው ወይ ዕቃ የምታስገቢበት ቀን ሲሆን፣ የሁለቱን ንባብ ብቻ ያዢና ሌላውን ተይው። ለቅዳሜ አታሸጋግሪ፤ ውዝፍ ሲከመር ነው ብዙ ቤት በወሩ የሚያቆመው።

ወረቀቱን ግን ዛሬ ነገ አትበዪ። ከቀድሞው ትምህርት ቤት መሸኛና የውጤት ካርድ አውጪ፣ ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ በትምህርት ቤት በኩል ስለሆነ፣ ልጁ ወደ ክፍል ሲመለስ ምን እንደሚጠይቁት ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቂ። በተማረበት ቋንቋ የተዘጋጀውን የክፍሉን መጽሐፍ ስልክሽ ላይ አውርጂና ይዘቱን ተከተዪ፤ መብራት በሌለ ቀን ግን የሚነበበው የታተመው ነውና የምትደርሱበትን ምዕራፍ ብቻ አስቀድመሽ አሳትሚ። በየወሩ ቀን የተጻፈበት አንድ የጽሕፈትና አንድ የሒሳብ ገጽ ከደብተራቸው ፋይሉ ውስጥ አስገቢ።

ከአራቱ ቤት ቀጥሎ የትኛው ይግባ ካልሽ ከ እና ተ ይሁኑ፤ «ኪስ»፣ «ቤት» እና «ከተማ» ወዲያው ይነበባሉ።