የመልእክት አስተላላፊው ሰርቨር ሌሊት ሌሊት ለምን ይጨናነቃል?

ጥያቄ፦ በአዳማ የአንድ የትራንስፖርት ድርጅት የቲኬት ሥርዓትን እከታተላለሁ። መልእክት የሚያቀባብልልን አክቲቭ ኤምኪው 5.15.9 በጃቫ 8 ላይ ይሠራል። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ሌሊት ፕሮሰሰሩ ሙሉ በሙሉ ይያዛል፤ ከጃቫው ሥርም እኛ ያላስነሣነው ሼል (የትእዛዝ መቀበያ ፕሮግራም) ይታያል። የቀድሞው ባለሙያ ሰርቨሩ በየሌሊቱ ዳግም እንዲነሣ አድርጎት ሄዷል።

መልስ፦ ጃቫው ሼል ወልዶ መታየቱን ሳነብ የአቅም ማነስን ከሐሳቤ አወጣሁት። የጠረጠርኩት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ይፋ የሆነውን፣ ሲቪኢ-2023-46604 የተባለውን የደኅንነት ክፍተት ነው፤ አክቲቭ ኤምኪው መልእክት የሚቀበልበት ፖርት 61616 ለኢንተርኔት ክፍት ሆኖ እንደሚያገኙትም እገምታለሁ። ስለዚህ አስቀድመው ሰርቨሩን ከኔትወርክ ይለዩት። አያጥፉት፣ ዳግምም አያስነሡት፤ በሜሞሪ ውስጥ ያለው ማስረጃ አብሮ ይጠፋልና።

የክፍተቱን አሠራር በደንብ ቢረዱት እወዳለሁ። ኦፕን ዋየር በተባለው ፕሮቶኮል አንዱ ወገን ስሕተት ሲያጋጥመው የስሕተቱን ክላስ (ኦብጀክት የሚሠራበት የፕሮግራም ንድፍ) ስምና አንድ የጽሑፍ መልእክት ይልካል፤ ተቀባዩም በስሙ ክላሱን ፈልጎ፣ ጽሑፉን ለኮንስትራክተሩ፣ ማለትም ኦብጀክቱን ለሚያስጀምረው የክላሱ ክፍል፣ ሰጥቶ ኦብጀክቱን ይሠራል። ጥፋቱ የተጠራው ክላስ በእርግጥ የስሕተት ዓይነት መሆኑን ሳያረጋግጥ መሥራቱ ነው። አጥቂው በስሕተት ክላስ ፈንታ ስፕሪንግ ከተባለው የጃቫ ማዕቀፍ «ክላስ ፓዝ ኤክስኤምኤል አፕሊኬሽን ኮንቴክስት» የተባለውን ክላስ ይጠራል፣ በጽሑፉ ፈንታም የራሱን ፋይል አድራሻ ይሰጣል፤ ስፕሪንግም ፋይሉን አውርዶ በውስጡ የታዘዘውን ይፈጽማል። የመጋዘን ጠባቂ የመጣለትን ሣጥን ከፍቶ፣ ጄኔሬተሩን ገጣጥሞና አስነሥቶ፣ ደረሰኙን ከዚያ በኋላ እንደሚጠይቅ ማለት ነው። ኦብጀክቱ ከተሠራ በኋላ የሚደረግ የዓይነት ምርመራ የሚያድነው ነገር የለም።

በየሌሊቱ ዳግም ማስነሣት ጥገና አይደለም፤ ምልክቱን ሸፍኖ ለአጥቂው ጊዜ መስጠት ነው። በተጨማሪ ታማኝ ፓኬጆች (የክላስ ስብስቦች) የሚዘረዘሩበትን ቅንብር ይመልከቱ፤ ኮከብ ምልክት ብቻ ካገኙ፣ አንድ ሰው «ክላሱ አይታመንም» የሚለውን ስሕተት ለማስቆም ሲል መከላከያውን ከነጭራሹ አንሥቶታል። እንዲህ ያለው ጥገና በጣም ያሳዝነኛል። የራስዎን ፓኬጅ ስም ብቻ ይተኩበት።

ማስረጃውን ከገለበጡ በኋላ ያንን ማሽን አይመኑት፤ ሥርዓቱን በንጹሕ ማሽን ላይ እንደገና ይጫኑ። ጃቫ 8 ላይ ለመቆየት ከተገደዱ ቢያንስ 5.16.7ን ይጠቀሙ፤ 5.17 እና ከዚያ በላይ ያሉት ጃቫ 11 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። የቲኬት ፕሮግራሙ ሊብ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠውን የአክቲቭ ኤምኪው ጃር ፋይልም (የጃቫ ኮድ ጥቅል) አብረው ይቀይሩት፤ ክፍተቱ የደንበኛውንም ወገን ይነካል፣ ከየትም ተገልብጦ ለዓመታት የተረሳ ጃር ደግሞ በየቢሮው ሞልቷል። በቅንብር ፋይሎቹ የነበሩ የዳታቤዝ የይለፍ ቃሎች ሁሉ ይለወጡ።

አዲሱን ከኔትወርክ ከማገናኘትዎ በፊት ፋየርዎሉ 61616ን ለቲኬት ማሽኖቹ ብቻ እንዲፈቅድ ያድርጉ፤ የአስተዳደር ገጹን ፖርት 8161ንም እንዲሁ ይዝጉት። ከዚያም ከድርጅቱ ውጭ ካለ መስመር ፖርቱን ሞክረው መዘጋቱን በዓይንዎ ያረጋግጡ። አሮጌውን ማሽን ግን ለአንድ ሌሊት እንኳ መልሰው ከኔትወርክ አያገናኙት።