አምስተኛው መርፌና ያበጠው ክንድ

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሦስተኛ ልጄ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በመጀመሪያው እርግዝናዬ ሁለት ጊዜ፣ በሁለተኛው አንድ ጊዜ ተወግቻለሁ። ከዓመት ተኩል በፊት ደግሞ ምስማር ስለወጋኝ አንድ ክሊኒክ ሰጥቶኛል። ባለፈው ሳምንት በእርግዝና ክትትል ላይ እንደገና ተወጋሁ፤ በዚያው ሌሊት ክንዴ ከትከሻዬ እስከ ክርኔ አብጦ ቀላ፣ አተኮሰኝም። በአራተኛው ቀን ጎደለልኝ። ሰውነቴ ክትባቱን አልቀበል ብሎ ነው? ጽንሱስ?

መልስ፦ እንኳን ተሻለዎት። የክንድ እብጠት ጽንስን አይጎዳም። ክትባቱም ሕያው ጀርም የለበትም፤ እርስዎ ያመረቱት ፀረ እንግዳ አካል (በሽታውን የሚከላከል የደም ፕሮቲን) በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ሕፃኑን ከእትብቱ ቁስል ከሚገባው መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ይጠብቀዋል።

ሰውነትዎ ክትባቱን እጅግ አጥብቆ ነው ያወቀው። በደምዎ ውስጥ ከቀድሞዎቹ መርፌዎች የተረፈ ብዙ ፀረ እንግዳ አካል እያለ አዲስ ክትባት ሲገባ፣ ሁለቱ በተወጋው ሥጋ ውስጥ ተያይዘው ይከማቹና ትንንሾቹን የደም ሥሮች ያስቆጣሉ። ይህ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምርና በቀናት ውስጥ ይለቃል። አደገኛው አለርጂ ሌላ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ፊትና ከንፈር ያሳብጣል፣ መላ ሰውነት ላይ ሽፍታ ያወጣል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። የጻፉልኝ ይህን አይመስልም።

እኔን ያሳሰበኝ ካርድዎ ነው። የምስማሩ ጊዜ የተሰጠዎት በእርግዝና ካርድዎ ላይ ሳይመዘገብ አይቀርም፤ እሱ ሲቆጠር ግን አምስት ሞልተዋል። ጊዜያቸውን ጠብቀው የተወሰዱ አምስት መርፌዎች ደግሞ ለቀረው የመውለጃ ዘመን ሁሉ ይበቃሉ። ካርዱ አራት ብቻ ካሳየ ባለሙያዋ ለስድስተኛ ልትቀጥርዎት ትችላለች፤ ያለ ጥቅም እንደገና ያብጣሉ። ስለዚህ ከክሊኒኩ ቀኑን አስጽፈው ይውሰዱ፣ ክንድዎ እንዴት እንዳበጠም በካርዱ ላይ ይስፈርልዎት። እንዲህ ያበጠ ሰው ቁስል እንኳ ቢያጋጥመው 10 ዓመት ሳይሞላ ይህ ክትባት አይደገምለትም፤ ለከባድ ቁስል ሐኪሙ ሌላ መከላከያ አለው።

ሕመሙ ጨርሶ ካልለቀቀዎት ፓራሲታሞል ይበቃዎታል፤ አይቡፕሮፌን ግን እስኪወልዱ ድረስ አይውሰዱ። ቦታው እንደገና ከቀላ፣ ከጠነከረ ወይም መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የሚወለደው ልጅዎን የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባት ግን በዚህ ፈርተው እንዳያስቀሩበት አደራ።