ለንዝረት ልኬት ራስበሪ ፓይ ወይስ ኢኤስፒ32? የእኔ መልስ

ጥያቄህ «የሞተር ንዝረት በ4 ቻናል፣ እያንዳንዱን በሰከንድ 5,000 ጊዜ መመዝገብ እፈልጋለሁ፤ ራስበሪ ፓይ ይሻላል ኢኤስፒ32?» የሚል ነው። ፓይ ሊኑክስ የሚያሄድ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ኢኤስፒ32 ደግሞ ዋይፋይ ያለው ማይክሮኮንትሮለር (ፕሮሰሰርና ሚሞሪ በአንድ ላይ የያዘ ቺፕ) ነው። እኔም በዚሁ ጀምሬ ብዙ ስለደከምኩበት ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

መጀመሪያ የያዝኩት ፓይ ነበር። ፓይ የራሱ ኤዲሲ (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይር ክፍል) ስለሌለው ኤምሲፒ3008 የሚባለውን ባለ10 ቢት ቺፕ በኤስፒአይ (ቺፖች ዳታ በሚለዋወጡበት መስመር) አገናኝቼ በፓይተን በየ1 ሚሊሰከንዱ ማንበብ ጀመርኩ። ግራፉ ያምራል። ኤፍኤፍቲ (ንዝረቱ በየትኞቹ ድግግሞሾች እንደተሠራ የሚያሳይ ስሌት) ስሠራለት ግን ከሞተሩ ሊመጣ የማይችል ድግግሞሽ ብቅ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ቤሪንግ ስፈታ ስገጥም ዋልኩ! ጉዱ የወጣው የእያንዳንዱን ንባብ ሰዓት መመዝገብ ስጀምር ነው፦ አብዛኛው 1 ሚሊሰከንድ፣ በመሃል ግን 4፣ አንዳንዴም 9። ሊኑክስ ሌላ ሥራ ሲመጣበት የእኔን ፕሮግራም አስቀምጦት ይሄዳል። ፈጣን ፕሮሰሰር ሁሉ ሰዓት አክባሪ አይደለም።

ስለዚህ መቼ እንደሚለካ የሚወስነው የሃርድዌር ታይመር ይሁን። ኤስቲኤም32 በሚባለው ማይክሮኮንትሮለር ላይ ታይመሩ ኤዲሲውን ይቀሰቅሳል፤ ዲኤምኤ የሚባለው ዳታ አመላላሽ ክፍል ውጤቱን ሚሞሪ ላይ ያስቀምጣል፤ ፕሮሰሰሩ ጣልቃ አይገባም።

ኢኤስፒ32 ዋይፋዩ ያጓጓል፤ ግን የውስጥ ኤዲሲው በጣም ዝቅ ባለና በጣም ከፍ ባለ ቮልቴጅ ላይ ይዛባል፣ ኤዲሲ2 በሚባለው በሁለተኛው ኤዲሲ ላይ ያሉት ፒኖች ደግሞ ዋይፋይ በርቶ ሳለ አያነቡልህም። ሙቀትን በየደቂቃው ለመመዝገብ ቢሆን ግን እሱን ያዝ እልህ ነበር።

አሁን ሒሳቡን እይ። 4 ቻናል በ5,000፣ እያንዳንዱ 2 ባይት፣ በሰከንድ 40,000 ባይት ነው። ሲሪያል በ115,200 ባውድ (የመላኪያው ፍጥነት) ቢበዛ በሰከንድ 11,520 ባይት ያሳልፋል፤ እና ያ መንገድ ከመነሻው ተዘጋ፣ ዩኤስቢ ያስፈልግሃል። ኤስዲ ካርድ ላይ ልጻፍ ካልክ ደግሞ ካርዱ አልፎ አልፎ ቆም የማለት ጠባይ አለው፤ እስኪመለስ ዳታው የሚያርፍበት ራም ይፈልጋል። የአርዱዪኖ ኡኖ አር3 ቦርድ 2 ኪሎባይት ራም በ50 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሞላል። ከኤስቲኤም32 ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኤስቲኤም32ኤፍ407 192 ኪሎባይት አለው፤ ግማሹን ብትመድብ ከ2 ሰከንድ በላይ ይታገሥሃል።

ብዙዎች የሚረሱት ማጣሪያውን ነው። በ5,000 ስትለካ ከ2,500 ኸርዝ በላይ ያለው ንዝረት ታጥፎ ዝቅተኛ ድግግሞሽ መስሎ ይገባል፤ አንዴ ከገባ በኮድ አታወጣውም። ከኤዲሲው በፊት አናሎግ ማጣሪያ አስገባ፤ ይህን የትኛውም ቦርድ አይሠራልህም። 

አሁን የምጠቀመው ሁለቱንም ነው፦ ኤፍ407 ይለካል፣ በዩኤስቢ ለፓይ ያቀብላል፣ ፓይ ያስቀምጣል፣ ያሳያል። ፓይን መብራት ድንገት ሲጠፋ ካርዱ እንዳይበላሽ ብቻ ተጠንቀቅ።

ሴንሰሮችህ የሚሰጡት ቮልቴጅ ነው ወይስ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የሆነ ከረንት? እሱን ከነገርከኝ የመግቢያውን ሰርኪት አብረን እናያለን።