ቀብድ ከመላክህ በፊት እናቱን እያት

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አንድ ሻጭ የፈረንሳይ ቡልዶግ ቡችላ ፎቶ በቴሌግራም ልኮልኝ፣ ቀብድ ካስገባሁ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ እንደሚልክልኝ ነገረኝ። ልመነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በፍጹም ቀብድ እንዳትልክ! የዚህ ዝርያ ትልቁ ጣጣ ትንፋሽ ነው። ፊቱ ጭፍልቅ ስለሆነ ብዙዎቹ አየር እንደልብ አይገባላቸውም፣ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ይጥላቸዋል፤ እንዲህ ያለውን ቡችላ በካርቶን ጠቅልሎ በዓባይ በረሃ የሚያሳልፍ ሰው ስለ እንስሳው ግድ የለውም።

ራስህ ሂድና ከእናቱ ጋር እየው። እናቱን ካላሳየህ ተመለስ። ጠጋ ብለህ የአፍንጫውን ቀዳዳ ተመልከት፣ በደንብ የተከፈተ ነው ወይስ እንደ ስንጥቅ የጠበበ? እናቱን ትንሽ አስሩጣትና ትንፋሿን አዳምጥ። ዝም ብላ ቆማም የምታንኮራፋ ከሆነ፣ ሻጩ «ዝርያው እንዲህ ነው» ቢልህ አትቀበለው፣ ሕመም ነው።

ስንቴ እንደወለደች ጠይቀው። አብዛኞቹ የሚወልዱት በቀዶ ጥገና ስለሆነ «በየመራቢያ ወቅቷ የምታስወልዳት ከሆነ እየጎዳሃት ነው» በለው። ደህና አርቢ 8 ሳምንት ያልሞላው ቡችላ አይሰጥም፣ የክትባት ደብተሩንም ሳትጠይቀው ያወጣል። «ብርቅ ቀለም ነው» ብሎ ዋጋ ለሚሰቅልብህ ጆሮ አትስጥ። ከመክፈልህ በፊት እዚያው ያለ የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ አርቢው በዚህ ከተቆጣ ሌላ ፈልግ።